የላይኛው ፏፏቴ የድንጋይ ፀጉር

የሱግኑ ነዋሪዋን ታባቶንን ያላየ ሰው ሙግት አይቷል አይባልም። አርባ ዓመት ሙሉ ብርዱ በገባ ቁጥር ቻክፒ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ኑንግሻም ስትለቅም ኖራለች። የድንጋይ ፀጉር ማለት ነው፤ አለት ላይ የሚበቅል ጠቆር ያለ ቀይ አልጌ። ደርቆ፣ ተጠብሶ ከሩዝ ጋር ሲበላ እሰየው ነው!

በዚያ ዓመት አንድ የመንገድ ተቋራጭ የላይኛውን ፏፏቴ አለት በፈንጂ ሊያፈርስ መጣ። ሹማምንቱም «እዚያ ብቻ የሚገኝ ነገር ካለ ምሁር ይመስክርና እናስቆማለን» አሉ። ዶክተር ኢቦቶምቢ የተባለ የዕፅዋት መምህር ከኢምፋል ከተማ መጥቶ የላይኛውን ፏፏቴም የታችኛውን ወንዝም ኑንግሻም አገላብጦ አየና «አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

«ሁለት ነው!» አለች ታባቶን።

«እማማ፣ እኔ እኮ ሃያ ዓመት ያጠናሁት ይህንኑ ነው።»

«እኔ ደግሞ አርባ ዓመት የበላሁት! በዓይን ማን ይለየዋል? ንከሰው! የታችኛው ባዶ ነው፤ የላይኛው መሃሉ ጠንካራ ክር አለው፣ ጥርስ ይይዛል። አንተ ምን ታደርግ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

የዶክተሩ ፊት ቀላ። «እሺ፣ አዲስ ዝርያ ነው እንበል። ያኔ ፏፏቴው ይከለላል። እርስዎም ዳግመኛ አይለቅሙም፤ ይህን ያውቃሉ?»

ታባቶን ልቧ ስንጥቅ አለ። ገበያ ላይ ስሟን ያስጠራው የላይኛው ነበርና።

«ይከለል!» አለች። «በፈንጂ ከሚያልቅ ከኔ አፍ ይቅር!»

ዓይኗን በሻሽ አሰሯት። ሠላሳ ቁራጭ አንድ በአንድ ሰጧት። «ላይ… ታች… ታች… ላይ» እያለች እየነከሰች ስትተፋ ዶክተሩ የያዘውን ምልክት እያየ ላቡ ይንቆረቆር ጀመር። አንዱንም አልሳተች! ያኔ ነው በምላጭ ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየው። በላይኛው መሃል ባለው ክር ላይ ሌሎች ቀጫጭን ክሮች ተጠምጥመውበታል፤ የታችኛው ክር ግን እርቃኑን ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ጥርስ አይሰማውም። እስከዚያ ቀን የተመዘገቡትን ሁሉ ቢያገላብጥ መሳዩን አጣ። ተቋራጩም ፈንጂውን ጭኖ ሄደ።

ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ ፏፏቴው ዳር ሰሌዳ ተተክሎ ዘበኛ ቆሟል። ታባቶን ቅርጫቷን ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች።

«እማማ፣ ክልክል ነው! ይውጡ!»

«ማን ከለከለ?»

«ዶክተሩ ጽፎ ነዋ!»

«ማን አስጽፎት?» አለችና ጎንበስ አለች። ተቋራጩ ለመንገዱ አምጥቶ አራግፎት የሄደው ጠጠር ግማሹን አለት አልብሶታል፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር ገርጥቷል። «ዓይን የለህም እንዴ? እየታፈነ እኮ ነው! አንተ ሰሌዳህን ጠብቅ።»

እፍኝ እፍኝ ጠጠሩን እየዛቀች ወደ ቅርጫቷ ጣለች። ከጠጠሩ ሥር ረጅምና ለምለም ዘለላ ብቅ ሲል አፏ ምራቅ ሞላ። ምራቋን ዋጥ አድርጋ፣ ዘለላውን ሳትነካ ቅርጫቷን ተሸክማ ወጣች፤ ጠጠሩን ዘበኛው እግር ሥር ዘርግፋ ተመልሳ ገባች።