አትጎትተኝ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አሰላ ውስጥ ዕቃ ተሸክሜ አላውቅም። ሽንኩርት ገዝቼ ከገበያ ስወጣ አንዱ የድሮ ተማሪዬ ካለበት ሮጦ ይመጣና ዘንቢሌን ይነጥቀኛል። ባጃጅ ውስጥ ልገባ ስል ክንዴን ይይዙኛል። ስብሰባ ላይ ሐሳቤን ሳልጨርስ "ቲቸር፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኛ እንጨርሰዋለን" ይሉኛል። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ እዚሁ ጂኦግራፊ ሳስተምር ፀጉሬ ሸበተ፣ የከተማው ግማሽ ተማሪዬ ሆነ። ስለዚህ አዛኙ በዛ። ውለታቸውን አልክድም፤ ክፉ ቀኔን ያለፍኩት በእነሱ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ አንገሸገሸኝ። አንድ ነገር፣ ማንም የማይነጥቀኝ አንድ ነገር፣ በራሴ እጅ መሥራት ፈለግሁ።

ገደል የመውጣት ሥልጠና እንደሚሰጥ የሰማሁት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ወጣቶቹ ሲያወሩ ነው። ለጀማሪ፣ ለመካከለኛና ለከፍተኛ ተብሎ ተከፍሏል። በዚያው ቀን ሄጄ ተመዘገብኩ። ጎረቤቶቼ ሲሰሙ "ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ" ተባባሉ። ይበሉ።

አሠልጣኙ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ሄዶ በረዶ መውጣት የተማረ። በሁለት እጁ መጥረቢያ ይዞ፣ ጫማው ሥር የብረት ጥርስ አስሮ፣ እንደ ግድግዳ የቆመ በረዶ ሲወጣ በስልኩ አሳየን።

"እኛ በረዶ የለንም፤ ያለንን ድንጋይ እንወጣለን" አለ።

አላስቻለኝም። "ድሮ ነበረን እንጂ!" አልኩት። "ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የጭላሎ ተራራ ራስ በረዶ ለብሶ የኖረበት ዘመን አለ።" ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው።

"እንግዲያው ትንሽ ዘግይተው መጡ፣ ቲቸር" ብሎ አሳቀብኝ። ወደድኩት።

ገደሉ ወደ ጭላሎ በሚያስወጣው መንገድ፣ ባጃጅ አልሄድም ብሎ ከሚቆምበት አለፍ ብሎ፣ ገብስ ማሳ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይተኛበታል፤ ድንጋዩ ጣት ያደነዝዛል። ገመዱ ግድግዳው ራስ ላይ በተተከለ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፍና አንዱ ጫፍ የሚወጣው ሰው ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ሌላውን መሬት የቆመ ጓደኛው ይይዘዋል። የሚወጣው ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ያዡ የላላውን ገመድ ይሰበስባል፤ ድንጋዩ ካመለጠው ደግሞ ያዡ ገመዱን ቆልፎ ከመውደቅ ያስቀረዋል። የያዡ ሥራ ይኸው ነው። ከጀማሪ ወደ መካከለኛ ለማለፍ ያንን ግድግዳ በገዛ እጅና እግር አንዴ መውጣት ይበቃል።

ለእኔ የደረሰኝ ገመድ ያዥ የጫማ ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው አሰላ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱም የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን የልጆች አባት። ጨዋ ቢባል የእሱን ያህል ጨዋ አላየሁም፤ ጣጣው የመጣውም ከጨዋነቱ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወጣሁ። ምን መውጣት፣ በረርኩ እንጂ! ክንዴ ሳይዝል፣ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ቀለበቱ ጋ ደረስኩ። ታች ያሉት አጨበጨቡ። ለካ ይሄን ያህል ጉልበት ነበረኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። አሠልጣኙ ብቻ አላጨበጨበም።

"ይቅርታ ቲቸር፣ ይሄን አልቆጥረውም።"

"ለምንድን ነው የማትቆጥረው?"

"እርስዎ አልወጡማ። ተጎትተው ነው።"

ዞር ብዬ ነጋዴውን ሳየው ላብ አጥምቆታል። እኔ ጠብታ ሳይወጣኝ የእሱ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በንዴት ጆሮዬ ጋለ።

"ምን አድርግ ብዬህ ነው የምትጎትተኝ?"

"ቲቸር፣ እርስዎ እላይ ሲቸገሩ እኔ እታች ቆሜ ልይ?" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ሰው ምን ይለኛል? እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች።"

ያዥ ይቀየርልኝ አልኩ። ጭራሽ ባሰ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጋግዘው እንደ ጉድጓድ ባልዲ ቀዱኝ። ሌላዋ "እማማ፣ አይዞዎት" እያለች ከመሬት ሳልነሳ ገመዱን ወጠረችው። እማማ! ሃምሳን ካለፍኩ ገና ቅርቤ ነው። ወደ ነጋዴው ተመለስኩ። እሱ ቢያንስ ስቆጣው ይደነግጣል።

ቅዳሜዎቹ እንዲሁ አለፉ። አብረውኝ የጀመሩት አንድ በአንድ ወደ መካከለኛው ግድግዳ ሲሻገሩ እኔ ጀማሪዎቹ ጋ ቀረሁ። ነጋዴው በየሳምንቱ "ዛሬስ አልነካም" ይላል፤ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ሲያይ እጁ ይከዳዋል። በኋላ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። አሠልጣኙ ዝናቡ ድንጋዩን ሳያሙለጨልጨው የሚቀረን አንድ ቅዳሜ ብቻ መሆኑን ነገረን።

"ካልሆነም ለመስከረም ይደርሳሉ፣ ቲቸር" አለኝ።

እኔ ግን መስከረምን አላመንኩትም። ራሴን አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ቤት ተቀምጬ ጎረቤቱ ሲመክረኝ፣ ልጄ ከአዲስ አበባ በየቀኑ እየደወለች ስትለማመጠኝ፣ መስከረም ሲጠባ እሺ ብዬ እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ እስክሞት ድረስ የምሠራው ነገር ቢኖር መደገፍ ብቻ ነው። ያ አስፈራኝ፤ ከገደሉ ይበልጥ አስፈራኝ።

ዓርብ ከሰዓት ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። ወንበር አቀረበ፣ ለስላሳ አስመጣ። አልጠጣሁም።

"ነገ እንደማትጎትተኝ ማልልኝ።"

"አልምልም፣ ቲቸር። በአላህ ስም ምዬ እጄ ቢያሳስተኝስ?"

"እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ፊት ሰድበኸኝ ታውቃለህ?"

ከመቀመጫው ተነሳ። "አዑዙ ቢላህ! እኔ እርስዎን?"

"በየሳምንቱ ትሰድበኛለህ። ገመዱን በሳብክ ቁጥር 'ይቺ ሴትዮ አትችልም፣ አልቆላታል' እያልክ ለዚያ ሁሉ ሰው ትናገራለህ። ነገ ከጎተትከኝ ሰድበኸኛል። ሽማግሌ ብትልክም ይቅር አልልህም።"

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። እጁ ላይ የነበረውን ጫማ አንዴ ሣጥኑ ውስጥ ይከታል፣ አንዴ ያወጣል። አሳዘነኝ፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

"ቢወድቁስ?" አለ በመጨረሻ።

"ስወድቅ ያዘኝ። ሳልወድቅ አትያዘኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ጀመርኩ። ገመዱ ፊቴ ላይ ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል። ያኔ ነው የገዛ ሰውነቴን ክብደት ያወቅሁት። አቤት ስከብድ! ያ ሁሉ ሳምንት የበረርኩበት ግድግዳ ጠመመብኝ። እጄ የያዘውን ይለቃል፣ ጫማዬ ይንሸራተታል። ገና የግድግዳው ወገብ ላይ ሳልደርስ አመለጠኝና ወደቅሁ፤ ገመዱ ያዘኝ፣ ጉልበቴ ግን ከድንጋዩ ተላተመ። ሱሪዬ ተቀዶ ደም ታየ።

"ልወጥር?" አለ ነጋዴው።

"አትንካኝ!"

እንደገና ያዝኩ። እንደገና ወደቅሁ። ወደ ማሳቸው የሚሄዱ ገበሬዎች ቆመው ያዩን ነበር፤ አንደኛው አላስችል ብሎት "ሀርኪሲ!" እያለ ይጮህ ጀመር፤ ሳባት ማለቱ ነው። ተማሪዎቹም ተቀበሉት። "ሳባቸው እንጂ! ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?"

ያ ሰው ምን ይለኛል ሲል የኖረ ነጋዴ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊቱ እየጮኸበት፣ ባለ በሌለ ድምፁ መለሰ። "አልስብም! ቲቸር አልፈቀዱም!"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ነው መሰለኝ ክንዴን ያፍታታው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ግራ እግሬን አንዲት ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ፣ ቀኙን አስከተልኩ። ጥፍሬ ተሰበረ። እልሄ ከጉልበቴ ይበልጥ ነበርና በእልሄ ወጣሁ። ቀለበቱን ስነካው እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ገመዱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደላላ ነበር።

"ቆጥሬዋለሁ!" አለ አሠልጣኙ ከታች።

እዚያ እግር የምታሳርፍ ጠባብ መደብ አለች። እሷ ላይ ቆሜ ደስታዬ እስኪመጣ ብጠብቅ የመጣብኝ ልቅሶ ነው። ባለቤቴ የሞተ ዕለት እንኳ እንደ ልቤ አላለቀስኩም። ድምፄ ከፍ ሲል አንዷ ትከሻዬን ትይዛለች፣ አንዱ ፊቴን ያብሳል፣ ሁሉም "በቃ፣ በቃሽ፣ እሱንም አታስጨንቂው" ይላል። ለእኔው ብለው ነው፤ እኔም ለእነሱ ብዬ ዝም አልኩ። ግድግዳው ራስ ላይ ግን ደርሶ በቃሽ ሊለኝ የሚችል ሰው አልነበረም። ግንባሬን ድንጋዩ ላይ ደፍቼ፣ በስሙ እየጠራሁት፣ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ እያልኩ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ቆይቶ የነጋዴው ድምፅ ከታች መጣ።

"ቲቸር፣ ላውርድዎት?"

"ገና አልጨረስኩም!" አልኩት።

"እሺ፣ ቲቸር" አለኝ፤ ገመዱንም አልሳበውም።