በመሐላው ቀን ለጋሽ ዘውዴ የነገርኳቸው

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ለባለቤቴ እንኳን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩት። ሰዎች የሁለት አገር ዜግነት እንዳለኝ ሲሰሙ «ታድለሽ» ይሉኛል። እንዲህ ባሉኝ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ወደ ዳላስ ከመምጣቴ በፊት ካናዳ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ የካናዳ ዜግነት ወስጄ ነበር። ከዚያ እዚህ ያለውን ባለቤቴን አግብቼ መጣሁ፤ ጊዜው ሲደርስም ለአሜሪካ ዜግነት አመለከትኩ። ካናዳ ሌላ ዜግነት ብትጨምሪ አትከለክልም፤ አሜሪካም የካናዳውን ፓስፖርት መልሺ አትልም። ስለዚህ ለእኔ የመሐላው ቀን የሚጨመርልኝ እንጂ የሚቀነስብኝ ነገር አልነበረም።

የኢትዮጵያ ዜግነቴ ያከተመው ካናዳዊት የሆንኩ ዕለት ነው። የእኛ አገር ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። በምትኩ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያ ያወጣል፤ ቢጫ ካርድ የምንለው ማለት ነው። እሱን የያዘ ያለ ቪዛ ገብቶ የፈለገውን ያህል መቀመጥ ይችላል። እኔ ካርዱን ያወጣሁት ገና ካናዳ እያለሁ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ለማለት እንዳይመቸኝ ነው።

መሐላው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ግሪን ካርዳችንን በር ላይ አስረክበን በየተራ ቁጥራችን ተቀመጥን። ቤተሰብ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ባለቤቴ እዚያ ሆኖ ስልኩን ደቅኗል። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሼ፣ ተኳኩዬ ነበር የሄድኩት።

ከጎኔ የተቀመጡት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሰፋ ያለ ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ወደ ሰው ሲያዩ አንገታቸውን አስግገው ነው። ሐበሻ መሆኔን እንዳወቁ እፎይ አሉ። ጋሽ ዘውዴ እባላለሁ አሉኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ነጂ ነበሩ። ልጃቸው ትርሲት ካመጣቻቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሐኪም ወረቀት ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ተደርገው ነው እዚህ የደረሱት።

ዜግነቱን ለምን እንደፈለጉት ነገሩኝ። ደብረ ብርሃን እትዬ አስካለ የሚባሉ ታላቅ እህት አሏቸው። እናታቸው ሲሞቱ እንደ እናት ሆነው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። አሁን ከአልጋ አይነሱም። ጋሽ ዘውዴ ሄደው ሊያስታምሟቸው ይፈልጋሉ፤ ግን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ወጥቶ ብዙ ከቆየ መመለሻ ያጣል። ዜጋ ከሆኑ ግን እዚያ እንዳሻቸው ቆይተው፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲናፍቋቸው መምጣት ይችላሉ። አሜሪካዊ የሚሆኑት ኢትዮጵያ ገብተው ለመቀመጥ ነበር።

የመሐላው ቃል የተጻፈበት ወረቀት ታደለን። የእሳቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ምን ይላል?»

መጀመሪያው ላይ ያለው መስመር ከዚህ በፊት ለነበርኩበት አገር ያለኝን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ ይላል። አነበብኩት። ዘለልኩትና «ለዚህ አገር ታማኝ እሆናለሁ፣ ሕጉን አከብራለሁ ነው የሚለው» አልኳቸው።

እሳቸው ግን አልተዉኝም። የደረት ኪሳቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው እዚያ ነበር።

«የኔን አይነጥቁኝም አይደል?»

«ምንም አይነጠቁም አባባ። እኔ ራሴ ሁለት አለኝ።»

ፊታቸው ፈታ አለ። «ተመስገን» አሉ። ወዲያው ተነሱ ተባልን። ቀኝ እጃቸውን አንስተው፣ የማይገባቸውን ቃል እየተከተሉ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከጎናቸው ቆሜ አየሁ።

ለምን እንዲህ እንዳልኳቸው ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክፋት አልነበረም። ሰዓቱ ደርሷል፣ ባለቤቴ ከኋላ ወደ ካሜራው ዙሪ እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፣ ሽማግሌው ተጨንቀዋል። አንዴ ላረጋጋቸው፤ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ስለ ቢጫ ካርዱ አስረዳቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሲያልቅ ግን ፎቶ ለመነሳት ተሰለፍኩ። በሩ ጋ ከልጃቸው ጋር ቆመው አየኋቸው፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጃቸው ትነግራቸዋለች አልኩና አልሄድኩም።

ከአሥር ወር በኋላ ይመስለኛል። የምሠራው ኤርፖርት ነው፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች ከአውሮፕላን በር ተቀብዬ በዊልቸር ኢሚግሬሽን አሳልፌ ሻንጣቸውን አስይዤ ለቤተሰብ አስረክባለሁ። የዚያን ቀን ከዶሃ በሚገባው በረራ ላይ ዊልቸር የጠየቀ አንድ ሰው ተመደበልኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ያ ግራጫ ኮት ብቅ አለ።

አወቅኋቸው። እሳቸው አላወቁኝም። የሥራ ልብስና ኮፍያ አድርጌአለሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አፌን በማስክ ሸፍኛለሁ። ዓይናቸውም ያው ነው። በአማርኛ ሰላም ስላቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። ላስታውሳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ከአቀማመጣቸው ገብቶኛል።

መተላለፊያው ረጅም ነው። እየገፋሁ እሳቸው አወሩ፤ እኔ ከኋላቸው ስለሆንኩ ፊታቸውን አላይም።

አዲስ አበባ ሲገቡ ሁለቱንም ፓስፖርት ባንድ ላይ አውጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። የሚደበቅ ነገር መሆኑን አላወቁም። የተቀበላቸው ልጅ ትሑት ነበር፤ አባቴ እያለ ነው ያናገራቸው። የአሜሪካውን ከወሰዱበት ዕለት ጀምሮ የኢትዮጵያው አብቅቷል፣ ሕጉ ይኼ ነው ብሎ አስረዳቸው። ፓስፖርቱን አስቀረውና ቪዛ ወደሚሸጥበት ሰልፍ መራቸው። ከፈረንጆች ጋር ቆመው የሦስት ወር ቪዛ ገዝተው ገቡ።

«ሰልፉ ላይ አንድ ፈረንጅ ተራውን ለቀቀልኝ» አሉኝ። «ለጉብኝት ነው የመጣኸው አለኝ መሰለኝ።»

ሦስቱን ወር እህታቸውን ሲያጎርሱ፣ ሲያገላብጡ ከረሙ። ቪዛው ሊያልቅ ሲል ሰው ጠየቁ፤ ቢጫ ካርድ ያውጡ ተባሉ። እሱ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ሰርተፊኬት ይፈልጋል። ሰርተፊኬቱ ያለው ጋርላንድ፣ ትርሲት መሳቢያ ውስጥ ነው። በፖስታ ብልከው ይጠፋል ብላ ትርሲት ፈራች፤ መጥተህ እዚሁ አውጥተን ትመለሳለህ አለቻቸው። ለእትዬ አስካለ ወረቀት ረስቼ መጣሁ፣ በወሩ እመለሳለሁ ብለዋቸዋል።

«መሄዴ አልገባትም» አሉ። «አገርህ አይደለም ወይ አለችኝ።»

ኢሚግሬሽን ደረስን። መኮንኑ ፓስፖርታቸውን ገልጦ ፊታቸውን አየ፤ ፈገግ ብሎ «ዌልካም ሆም» አለና መለሰላቸው።

ጋሽ ዘውዴ ዞር አሉ። «ምን አለኝ?»

«እንኳን ወደ ቤትዎ በሰላም መጡ ነው ያለው» አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ፓስፖርቱን ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሻንጣ ወደሚጠበቅበት ገፋኋቸው።

ትርሲት ውጭ ትጠብቅ ነበር። በመኪናዋ ልጆች አሳፍራ የፓርኪንጉ ነገር ያቻኩላታል። እኔ ግን ዊልቸሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቢጫ ካርድ እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ፎርሙን እኔ እሞላላችኋለሁ አልኳት። እሷ ሆስፒታል ሁለት ሺፍት ነው የምትሠራው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዴት ያለሽ ጥሩ ሰው ነሽ» አለችኝና ስልክ ቁጥሬን ተቀበለች።

በሦስተኛው ቀን እረፍቴ ነበር፤ አፓርታማቸው ሄድኩ። ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ፎቶውን፣ ሰርተፊኬቱን፣ የድሮውን ፓስፖርት ኮፒ አንድ በአንድ አስገባሁ። ጋሽ ዘውዴ አጠገቤ ተቀምጠው የሚጠየቁትን ይመልሳሉ። የእናታቸውን ስም እየጻፍኩ ሳለ ትርሲት ከኩሽና ሆና «አባዬ ግን ሁለቱንም ባንዴ ማሳየት ምን አስፈለገህ?» አለች።

«አንዲት ልጅ ነግራኝ ነዋ» አሉ። «መሐላው ላይ ከጎኔ የነበረች። እኔ ራሴ ሁለት አለኝ አለችኝ።»

የእናታቸውን ስም አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት።

«ማለቴ፣ ሰው በማያውቀው ነገር ለምን አድቫይስ ያደርጋል?» አለች ትርሲት። «ጀስት አላውቅም ማለት አይቻልም? እኔም ኢትዮጵያ ከወጣሁ ሃያ ዓመቴ፣ ተመልሼ አላውቅ፣ በምን ልወቀው!»

«ተያት» አሏት። «ባታውቅ ነው። ብታውቅ እንዲህ አትለኝም ነበር።»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ማስክ የለብኝም፣ ፊት ለፊታቸው ነኝ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። ትርሲት ግን ሻይ ይዛ መጣችና ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ። ቀና ብዬ «የአያትዎን ስም ይንገሩኝ» አልኳቸው። ነገሩኝ። ጻፍኩት።

ማመልከቻው በዚያው ቀን ተላከ። በየቀኑ ከሥራ በፊት የት እንደደረሰ ኢንተርኔት ላይ አያለሁ። አንድ ሰነድ እንደገና ይላክ ተባለ፤ ላክን። ጋሽ ዘውዴ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ሳሎን ጥግ አቁመውት ነበር። በቪዲዮ ለእህታቸው ሲደውሉ እኔንም ወደ ስልኩ ጎተት አድርገው «ወረቀቴን የምትጨርስልኝ ይቺ ናት» አሏቸው። እትዬ አስካለ ፊታቸው ብቻ ነበር ከብርድ ልብሱ የሚታየው። ቶሎ በይ ልጄ አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ኤርፖርት ሆኜ ትርሲት ደወለች። መርዶውን እንዴት እንደምትነግራቸው ልትጠይቀኝ ነበር። እትዬ አስካለ ያለፉት በዚያ ጠዋት ነው።

ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ሄድኩ። ወጥ ይዤ ሄድኩ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። ጋሽ ዘውዴ ብዙ አላለቀሱም። ሰው በመጣ ቁጥር ያንኑ ይደጋግሙ ነበር፤ በወሩ እመለሳለሁ ብያት ነበር ይላሉ። ከጎረቤትም፣ ራቅ ካሉት ከአዲሰንና ከማኪኒ ሳይቀር የመጣ ሰው እንዲህ ያለውን ምክር የሰጠቻቸው ሴት ማን እንደሆነች ይጠይቃል። አንዷ ምነው ምላሷን በቆረጠው አለች። እኔ ዕቃ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ካርዱ ከቀብሩ አሥራ አንድ ቀን በኋላ በፖስታ መጣ። ትርሲት ፖስታውን ቀድዳ ሰጠቻቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ፎቶአቸውን አዩና አመሰግናለሁ ብለው ለኔ ሰጡኝ። ሻንጣቸውን በማግስቱ ፈቱት። እስካሁን አልሄዱም። ማን ጋ ልሂድ ነው የሚሉት።

ነግሬያቸዋለሁ ብዬ ይህን ጽሑፍ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ኀዘናቸው ይብረድ አልኩ፤ ቀጥሎ ዓይናቸው ኦፕራሲዮን እስኪሆን አልኩ። አሁን አንድ ዓይናቸው በደንብ ያያል። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ከሩቅ ለይተው ይጠሩኛል፣ ለሚያውቁት ሁሉ ባለውለታዬ ናት ብለው ያስተዋውቁኛል። ፊቴን ትኩር ብለው ሲያዩኝ ዛሬስ አወቁኝ እላለሁ። አላወቁኝም፤ ወይም አውቀው ዝም ብለው ይሆናል። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም።

እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ከትርሲት ይልቅ እኔን ያምናሉ። ሄጄ ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ፤ የሚያስከፋውንም፣ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውንም አልዘልም። አንዳንዴ አንድ ገጽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው በትዕግሥት ይሰሙኛል። ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«ሌላ ያልነገርሽኝ አለ?»

«የለም፣ ጋሽ ዘውዴ» እላቸዋለሁ።