ሃምሳ አለቃ ይርዳው

ይርዳው ፖሊስ ነኝ ብሎ አያውቅም። አይደለሁምም አላለም፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ወረታ ከተማ የአንድ ሩዝ መፈተጊያ ዘበኛ ነበር። ሥራው ሲቀርበት በዚያው በካኪ ካፖርቱ ወደ እኛ ቀበሌ መጣና ባሏ የሞተባትን ዙፋንን አገባ። ካፖርቱን ያዩ ሽማግሌዎች «ሃምሳ አለቃ» ብለው ጠሩት፤ እሱም አቤት አለ። አንዴ አቤት ካሉ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለም።

የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል ደለሉ የማሳውን ድንበር ሸፍኖት ይገኛል፣ ያኔ ወንድም ከወንድሙ ይጣላል። ወረታ ሄዶ ፖሊስ ከመለመን ይርዳውን መጥራት ይቀላል። ይመጣል፣ ካፖርቱን ይቆልፋል፣ ሁለቱንም ይሰማል፣ ከዚያ ለሽማግሌ ይሰጣቸዋል። ማንንም አላሰረም፤ በምኑ ያስራል? እኛ ግን እንፈራው ነበር። እሱ ደግሞ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዙፋን እውነቱን የሰማች ዕለት ትተወኛለች ብሎ ያምን ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንዱ ወሬኛችን ይፋግ ገበያ ውስጥ ስለ ሃምሳ አለቃችን ሲጎርር እውነተኛ ፖሊስ ሰማው። በሳምንቱ ኢንስፔክተር ተገኘ መጣ። የደረሰው ሰውመሆንና ታናሽ ወንድሙ እሱባለው በድንበር ተጣልተው፣ ይርዳው መሀላቸው ቆሞ፣ አገሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ሰዓት ነው። ኢንስፔክተሩ ከማሳው ዳር ሆኖ መታወቂያ ጠየቀው። ይርዳው ዘበኛ እንደነበረ ተናገረና ካፖርቱን አወለቀ።

ሰውመሆን ተናደደ። «እጄን የሰበሰብሁት ለዘበኛ ኖሯል?» አለና ሽመሉን በወንድሙ ላይ አነሳ። ኢንስፔክተሩ ሊሮጥ ሲል ደለሉ እስከ ጉልበቱ ዋጠው። በሸሚዝ የቀረው ይርዳው መሀል ገባ።

«በሕግ አምላክ!» አለ።

በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ርብ ሲቆም አላየሁም፤ ሰውመሆን ግን ቆመ። ይህ ቃል የፖሊስ አይደለም፤ ሴትም ብትለው ልጅም ቢለው ያው ነው። እኛ ሞኞቹ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የምንፈራው ካፖርቱን መስሎን ነበር።

ኢንስፔክተሩን ጎትተን አወጣነው። አመሰገነ፤ ሆኖም ይርዳው ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን መስጠት እንዳለበት፣ ዋስ ካለው ግን በነጋታው መምጣት እንደሚችል ተናገረ። ዋስ ልሁን ያለ ከመሀላችን አልተገኘም፤ አፈርሁ፣ ግን እኔም ወደ ኋላ አልሁ። ይርዳው አንገቱን ደፍቶ ሚስቱን ላለማየት ወደ ወንዙ ዞረ።

ዙፋን ሰውን ከፍላ ወጣች። «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። «ሩዝ ላስፈትግ በሄድሁ ቁጥር በር የሚከፍትልኝ እሱ ነበር። እሱ ያን ሁሉ ሰው እያስገባ እኔን የት ያስታውሰኛል። ፖሊስ ቢሆንማ መች አገባው ነበር?»

ይርዳው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።