የውሰት ብስክሌት

ልብስ ሰፊዋ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። ግን ጠዋት ሥራ ስትጀምር፣ የመጀመሪያውን እጅጌ እየገጠመች፣ እግሯ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ ከንፈሯ ስለ ቀይ ብስክሌቷ በእንግሊዝኛ ያነበንባል፤ በልጅነቷ አባቷ እንደገዛላት፣ በየእሑዱ ከጓደኞቿ ጋር ወንዝ ዳር እንደምትነዳው፣ ለጤናም ለአየሩም እንደሚበጅ። አባቷ እንኳን ብስክሌት ጫማም በወጉ አልገዛላትም።

የምታነበንበው የፈተና መልስ ነው፤ መልሱም የመምህሩ ነው። ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ሰውዬ፣ ዘንድሮ በቃል ፈተናው ላይ ስለ ብስክሌት ጥያቄ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ አንድ ጥሩ መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ሁሉም እንዲሸመድዱት አዘዘ። ከራሴ እፈጥራለሁ ያለ ይወድቃል አላቸው። እሷም አመነችው። በእሷም ሙያ ያለ ንድፍ መቀስ የሚያነሳ ሰው ጨርቅ ያበላሻል። ስለዚህ እንደወረደ ገለበጠችው።

ፈተናውን ካላለፈች ባሏና ልጇ ያሉበት አገር አያስገቧትም። ልጅ ፈተና ስለማይጠየቅ ትንሿ ከአባቷ ጋር ቀድማ ሄደች፤ እናት ወዲያው እከተላችኋለሁ ብላ ሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ እሷ ፈታኝ ፊት ስትቀርብ አፏ ተሳሰረ፤ ወደቀች። አሁን በስልክ ልጅቷ "እማዬ" ካለች በኋላ ቃል ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ ወደ አባቷ ዞራ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። አባት ይነግራታል፤ እሷም ለእናቷ ትደግምላታለች። ባለፈው ያጣችው ቃል "ትራስ" ነበር። ልብስ ሰፊዋ የዚያን ዕለት ስልኩን ዘግታ እጇ ላይ የነበረውን ኮሌታ ገልብጣ ሰፋችው።

ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ ፈታኝ ሆነችላት። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታወርድና፣ ሜትሩን እንደ ከረባት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እሺ፣ ሳይክል፣ ትላለች። ልብስ ሰፊዋ መሀል ላይ ከተንተባተበች ቁልፍ ትወረውርባታለች።

"ወደቅሽ። ተነሺና እንደገና ንጂ።"

የስፌት ቤቱ ሴቶች ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ሆዷ ግን በሳቁ ውስጥ የለበትም።

የፈተናው ዕለት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መልሱን ከመጀመሪያው በሹክሹክታ ደገመችው። ከእሷ በፊት የገባው የክፍል ጓደኛዋ፣ ሚስቱ ውጭ አገር ያለችው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

"እኅቴ፣ ያን ሳይክል እንዳትነጂው" አላት ጎንበስ ብሎ። "ገና ቀይ ነው ከማለቴ ፈታኟ እጇን አነሳች። ዛሬ እዚህ የገባ ሰው ሁሉ አባቱ ቀይ ሳይክል ገዝቶለታል ወይ አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ምን እላለሁ? ወንዙን ጨመርኩላት።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ በፈረሰች ነበር። አሁን ግን ሌላ መልስ አላዘጋጀችም፤ እንደዚያው እንዳለች ስሟ ተጠራ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ድምፅ መቅጃ፣ የተጋመሰ ብርጭቆ ውሃ። ፈታኟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት፤ መለሰች። ቀጥላ ብስክሌት አለሽ ወይ አለቻት።

ቀዩ ብስክሌት ሳይጠሩት ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። አፏን ዘጋች። ዝምታው ያው ባለፈው የጣላት ዝምታ ነበር። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ በእንግሊዝኛ የለኝም አለች። ለምን ተባለች። እፈራለሁ አለች።

ከዚህ በኋላ የሚመራት ንድፍ የለም። አንድ ዳቦ አመላላሽ ከነብስክሌቱ የስፌት ቤታቸው በር ላይ እንደተገለበጠ፣ እግሩ ተተርትሮ እንደደማ፣ መንገደኛው ሁሉ ሰፊ አይደለሽ ወይ፣ ስፊለት እንጂ ብሎ እንዳፋጠጣት እንደምንም ተናገረች። እኔ ጨርቅ፣ እግር አይደለም አለች፤ ጣቷም አየር ላይ መርፌ ወጋ። ፈታኟ ሳቀችና ሰውዬውስ ብላ ጠየቀች። ለሱሪ የቆረጠችውን ጨርቅ ቀድዳ እግሩን እንዳሰረችለት፣ እሱ ግን ህመሙን ትቶ የተበተነውን ዳቦ ይቆጥር እንደነበር፣ እሷም ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ደወል ስትሰማ ግድግዳ እንደምትጠጋ ነገረቻት። ግሱ ሁሉ ተንጋዷል። እየተናገረች ይታወቃታል፤ የተጣመመ ስፌት ገና ከመርፌው ስር ሲወጣ እንደሚታወቃት ነው። ግን አላቆመችም፤ ካቆመች አፏ ዳግም እንደማይከፈት ገብቷታል። በቃ እስክትባል ተናገረች።

ውጤቱ በስልኳ የመጣው ሥራ ላይ ሳለች ነው። ለጥቂት አልፋለች። ሴቶቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው አጨበጨቡላት፤ ሹፌሩ ወድቆ ለፈተናው እንደገና ተመዝግቧል ብላ አንዷ አወራች። እሷ ቦታዋ ተመልሳ መርፌው ላይ ክር ልታስገባ ብትሞክር እምቢ አላት። ቁልፍ ተካይዋ ክሩን ተቀብላ አስገባችላት።

"ምነው? አለፍሽ እኮ።"

"ልጄ ብታፍርብኝስ?" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እዚያ ሄጄ፣ ሰው ፊት እንደዚህ ስኮላተፍ ብትሰማኝ?"

ቁልፍ ተካይዋ የተረፈውን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

"ትፈርብሽ" አለች። "አጠገቧ ሆነሽ ትፈርብሽ።"