ተራ ጥበቃ በጭራቆች እርባታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ሰው አልሞተም፣ ንብረት አልጠፋም። ግን ያን ቀን የደነገጥኩት ድንጋጤ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ለዚህ ነው ልጽፈው ያሰብኩት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ አጻጻፌን አትታዘቡኝ።

ሶስና የምትባል አንድ ልጅ አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ቆየ። እኔ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ። ድሮ የምንኖረው ካዛንችስ ነበር፣ እሷም እዚያው ነው የተወለደችው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበታተነ። እኛ ቡልጋሪያ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። የሶስና የልብ ጓደኛ ሐያት ደግሞ ከነቤተሰቧ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሄደች። ሁለቱ ልጆች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ነው ያደጉት። ዘይነባ፣ የሐያት እናት፣ እኔ ሥራ ስውል ሶስናን ከልጇ ሳትለይ ታበላት ነበር።

አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ ልጄ ዝም አለች። በልተሻል ስላት «እ»። ትምህርት እንዴት ዋለ ስላት «ደህና»። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለም። ክፍሏን ዘግታ ስልኳ ላይ ታጎነብሳለች። እኔም አላስችል ይለኛል። በሩን ገፋ አድርጌ አያታለሁ፣ እወጣለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ አያታለሁ። ስንት ዓይነት ወሬ ይሰማል፤ ልጅ በስልክ ተታሎ ጠፋ፣ ሌላዋ ራሷን ጎዳች ይባላል። ሥራ ቦታ መጥረጊያ ይዤ እንኳን ሐሳቤ እሷ ጋ ነው።

አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆሜ ስልኩን አየሁት። ጨለማ ክፍል ነው። ሥጋ የሌላቸው አጽሞች ቀስት ይዘው እየተገፋፉ ገደል ይገባሉ። አማተብኩ።

«ምንድን ነው ይሄ ሶሲ?»

«ጌም ነው እማ።»

«የሞቱ ሰዎች ናቸው እኮ።»

«ሰው አይደሉም፣ ጭራቅ ናቸው። እርባታ ነው።»

«ጭራቅ ነው የምታረቢው?»

«አዎ።»

«ስንት ዶሮ እያለ።»

ሳቀች። እዚያ ቤት ከገባን ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ስለሳቀችልኝ ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት፣ እሷም አስረዳችኝ። ጨዋታው ውስጥ መሬቱም ቤቱም ሁሉም ነገር እንደ ብሎኬት የተደረደረ ነው። ጭራቆቹ ጨለማ ባለበት ራሳቸው ይፈጠራሉ። እነሱ ጨለማ ክፍል ይሠሩላቸዋል፣ ውሃ ይለቁባቸዋል፣ ውሃው እየገፋ ከላይ ይጥላቸዋል። ሲሞቱ አጥንታቸው ከታች ሳጥን ውስጥ ይገባል። አጥንቱ ተፈጭቶ ለዛፍ ማዳበሪያ ይሆናል። ይሄን ሁሉ የምትሠራው ከሐያት ጋር ነው፤ እሷ ከቡልጋሪያ፣ ሐያት ከአራብሳ፣ አንዱ ቦታ ይገባሉ።

«ዛፉ ለምንድን ነው?» አልኳት።

ጣቷን እያንሸራተተች ከእርባታው ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደችኝ። የድሮ ግቢያችን ነው። የቆርቆሮው በር፣ የጋራ ቧንቧው፣ የኛ ቤት ከነመስኮቱ፣ የነዘይነባ ቤት፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር አለ። ዛፎቹን በአጥሩ ዙሪያ ነው የተከሏቸው። የዘፈዘፍኩት ልብስ አለ ብዬ ወጣሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሽንኩርት ስልጥ ራሷ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«እማ፣ ካዛንችስ እያለን ግቢ ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ምን ታደርጉ ነበር?»

ልጄ እኔን ምክር ጠየቀችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ሰሞን ከገመድ ላይ ልብስ ይጠፋ እንደነበር፣ ግቢው ተሰብስቦ ተራ እንዳወጣ፣ ሁሌ አንድ ሰው በሩ ሥር በርጩማ ላይ እየተቀመጠ ይጠብቅ እንደነበር ነገርኳት። ዓይኑን ሳይነቅል የሚጠብቅ ሰው ካለ ሌባ አይደፍርም አልኳት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አጥንት ስለቀነሰባት ነው የጠየቀችኝ። በዚያው ቀን ከሐያት ጋር ተራ አወጡ። ሳጥኑ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቤት ያለች ትንሽ ቤት ሠሩ። እዚያ ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። አሳየችኝ፣ እኔም ጎበዝ አልኳት።

ጥበቃው ከተጀመረ ወዲህ ግን አንድ ጭራቅ የወደቀ የለም።

ሶስና ያልሞከረችው ነገር የለም። ጣሪያው ብርሃን አስገብቶ ይሆናል ብላ ሽንቁሩን ሁሉ ደፈነች። ውሃው ተዘግቶ ይሆናል ብላ ቦዩን አፍርሳ ሠራች። ውሃው ይወርዳል፣ ጨለማውም ጨለማ ነው፣ ጭራቅ ግን የለም። ሐያትም በእኔ ተራ አንድም አልመጣም አለች። ሶስና አላመነቻትም። በሐያት ተራ ጭራቆቹ መጥተው አጥንቱን ራሷ ወስዳው ነው ብላ ጠረጠረች። ሐያት ደግሞ አንቺ ነሽ ነካክተሽ ያበላሸሽው አለቻት። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ላይ «ጥበቃውን አጥብቁት እንጂ» እላለሁ።

አጠበቁት። ሶስና ምግብ ትታ እዚያች ቤት ውስጥ ቆማ መዋል ጀመረች። በግድግዳው በኩል በስልክ ስትጨቃጨቅ እሰማታለሁ።

«ከሄድሽ ጀምሮ ተለውጠሻል። ሌላ ጓደኛ አግኝተሽ ነው።»

የመጨረሻው ቀን ሐያት፣ ጠዋት ጨዋታው ውስጥ ገብቼ ዕቃዬን ከግቢው አውጥቼ እወጣለሁ፣ ሁለተኛ አልመለስም አለቻት። ሶስና ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እራት ሳትበላ አደረች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ግማሽ ቀን ሠርቼ ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። አከራያችንን ጠየቅኳቸው።

«በጠዋት ወጣች። ዓይኗ አብጧል። የት ነው ብላት ዝም ብላኝ ሄደች» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እግሬ የት የት እንደወሰደኝ በደንብ አላስታውስም። ቡልጋሪያ ታክሲ መያዣው ላይ ፎቶዋን ለተራ አስከባሪዎች አሳየሁ። ደምበል ድረስ ሄጄ ልጆች የሚቀመጡበትን ደረጃ ሁሉ አየሁ። ወደ ሰፈሯ ሄዳ ይሆናል ብዬ ካዛንችስ ወጣሁ። ስደርስ ሰፊ መንገድ ነው፣ ሣርና መብራት ነው። በራችን የት ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ። የምጠይቀው የማውቀው ሰው የለም። ድሮ ቢሆን ልጄ ጠፋች ብዬ አንዴ ብጮህ ስንቱ ሰው ይወጣልኝ ነበር። እዚያ ቆሜ ነው በደንብ የፈራሁት።

ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እደውላለሁ፣ ይጠራል። በመገናኛ አድርጌ የአራብሳ ታክሲ ያዝኩ። የሐያትን ቤት አላውቀውም፣ እንመጣለን ስንል ከርመን ነው። ታክሲው ውስጥ ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል ልጄን በሐሳቤ ስንቴ ቀበርኳት። አጠገቤ የተቀመጠች አትክልት በማዳበሪያ የጫነች ሴት አየችኝ።

«ልጅ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ስልክ እንደዚህ የሚያይ እናት ነው።»

አራብሳ ስንወርድ ዕቃዋን ለሰው አደራ ሰጥታ አብራኝ ዞረች። የየብሎኩን ጥበቃ «ከካዛንችስ የመጡ፣ ዘይነባ የምትባል» እያለች የምትጠይቀው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ እከተላለሁ። ቤቱን አግኝታ በሩ ላይ አድርሳኝ፣ አይዞሽ ብላኝ ወረደች። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም።

የከፈተችልኝ ሐያት ናት። ሶስና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉንጯ ሙሉ ሳንቡሳ፣ የሐያትን ስልክ ይዛለች። ልጮህባት ነበር። ልመታትም ነበር። ግን በሩ ሥር ጫማው መሃል ተቀመጥኩ።

ዘይነባ ከጓዳ ወጣች። «በስመአብ በይ አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ስደውል ስደውል...»

«ሻርጅ ላይ ነው፣ አልሰማሁትም። ልጅሽ ስትመጣ አውቀሽ የላክሻት ነው የመሰለኝ። ነይ ግቢ አልማዝዬ፣ ውሃ ጠጪ።»

ሶስና የመጣችው ልትጣላ ነበር። ሐያት ከጠዋት ጀምሮ ጨዋታው ውስጥ ነበረች፤ ግቢው ጋ ሆና ዕቃዋን ትሰበስባለች። ዘበኛ ቤቷ ውስጥ የቆመ ሰው የለም። ሶስና ገና ከመግባቷ «ሳጥኑን ክፈቺና አሳዪኝ» አለቻት። ሐያትም በንዴት ሄዳ ከፈተችው። ሳጥኑ ሞልቷል። አጥንቱ ተርፎ መሬት ላይ ፈሷል።

«ጠቡን ተውነው» አለችኝ ሐያት። «ከዚያ እየቆምን ሞከርነው እትዬ አልማዝ። ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ስንቆም አይመጡም። ግቢው ጋ ስንሄድ ይመጣሉ።»

«አጠገባቸው ሰው ካለ አይፈጠሩም እማ» አለች ሶስና። «በጣም ከራቅንም ይጠፋሉ። ልክ መሃሉ ላይ መሆን ነው። ሌባም የለም። መጀመሪያ የጎደለውን ሐያት ለዛፎቹ ወስዳ ረስታው ነው።»

«ታዲያ ተራ ግቡና ጠብቁ ያላችሁ ማን ነው?» አለች ዘይነባ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ዘይነባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰው ጭራቅ ይፈራል፣ አንቺ ጭራቅ አስፈራራሽ» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ እንባዬ መጣ፣ እሷም አየችው መሰለኝ ተነስታ ሳንቡሳ አቀረበችልኝ።

ስንመለስ ሶስና ታክሲው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ስልኳን ለምን እንደዘጋች ጠየቅኳት። ባትሪው አልቆ ነው አለችኝ።

«ታዲያ ከመሄድሽ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ አብረሽኝ ትመጫለሻ» አለች።

በክፋት አይደለም የተናገረችው። እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። እኔ ግን እስከ መገናኛ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ሄድኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራብሳ ትሄዳለች። ስትደርስ ትደውልልኛለች። እስክትደውል ያለውን ሰዓት እኔ ነኝ የማውቀው። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም። እነሱ ጨዋታ ላይ የት ጋ መቆም እንዳለባቸው እየሞከሩ አወቁት። እኔ ብሳሳት ግን አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፣ በምን ልሞክር?

ይሄን ስጽፍ በሯ ዝግ ነው። ከሐያት ጋር በስልክ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃቸው ልጠይቅ ብዬ ብድግ አልኩ። ትንሽ ቆሜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል፣ ግን እሰማታለሁ።