ቡሬ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ለካምቦዲያዊው ዘፋኝ ሳስተረጉም

ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ አንድ ቀን የባህል ጉዳይ ኃላፊው ደወሉልኝ።

“መምህር፣ ከካምቦዲያ አንድ የባህል ሙዚቀኛ ሊመጡልን ነው። በየአገሩ እየዞሩ የሚጫወቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ክመር የሚባለውን ቋንቋቸውን ይችላሉ?”

“አልችልም።”

“እንግሊዝኛስ?”

“እሱን አስተምራለሁ።”

“እንግዲያው ምን ቸገረን” አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሙዚቀኛው እንግሊዝኛ አይችሉም። የምትችለው አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ናት። እሳቸው በክመር ይናገራሉ፣ እሷ ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ወደ አማርኛ እንመልሰዋለን። ከእኛ ወደ እሳቸው ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ ነገሩ ሁለት ጊዜ ልብስ ቀይሮ ይደርሳል። ሰውዬው ወደ ሰባው የተጠጉ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ናቸው። መሣሪያቸው ባለ ሁለት ክር ነው፤ አንገቱ በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሣ መኪናው ውስጥ ለእሱ ሲባል እኔ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ወደ ቡሬ ስንሄድ ልጅቱ የአባቷን ሥራ አጫወተችኝ። የሚዘፍኑት የተጠና ነገር ብቻ አይደለም፤ ፊታቸው ያለውን ሰው እያዩ እዚያው ይገጥማሉ።

“ሰውም ይነካሉ?” አልኳት።

“ሥራቸው እሱ ነው” አለች።

እኛም ዘንድ አዝማሪ የሚባል እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ነገርኳት። ለአባቷ ስትነግራቸው እንቅልፋቸውን ትተው ቀና አሉ። ዛሬ አንድ አዝማሪ ያገኙ እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄውን ከፊት ለተቀመጡት ኃላፊ አቀበልኩ።

“ፕሮግራሙ ላይ የለም” አሉ። እሱንም አስተረጎምኩ።

የቡሬው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ኃላፊው ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ግንኙነት ረጅም ንግግር አደረጉ። እኔ አሳጠርኩት፤ ልጅቱ ደግሞ በጣም አሳጠረችው፤ ሽማግሌው አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ሁሉንም ነገረቻቸው?” አሉኝ ኃላፊው በጥርጣሬ።

“ቋንቋቸው አጭር ሳይሆን አይቀርም” አልኩ።

ከዚያ ሽማግሌው ተጫወቱ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ክሩ ሲመታ ደረት ውስጥ ይሰማል። ቃሉ ለማናችንም አልገባንም። ሲጨርሱ ኃላፊው አጨበጨቡ፤ እሳቸውን አይቶ አዳራሹ በሙሉ ከሚገባው በላይ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲበርድ ከበሩ በኩል የማሲንቆ ድምፅ መጣ። በቡሬ አካባቢ ሠርግ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አዝማሪ ነው። የግብዣ ካርድ ስለሌለው ዘበኛው አላስገባውም፤ ስለዚህ ደፉ ላይ ቆሞ አወረደው፦

ያገሬ ሰው ሁሉ ገብቶት አጨብጭቧል፣
እኔ ደጅ ቀረሁኝ፣ ለኔ መች ይገባል?

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው አልሳቁም።

“ምን አለ?” አለች ልጅቱ።

ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “እንኳን ደህና መጡ ብሏል ይበሉልኝ።”

“በእንኳን ደህና መጡ ይህን ያህል አይሳቅም” አልኳቸው።

“እንደሚመችዎት ያድርጉ” አሉ። ፊታቸው ግን አልተመቸውም።

ለልጅቱ አስረዳኋት። እኛ አገር “ገባ” ማለት ቤት መግባትም ነው፣ ነገር መረዳትም ነው፣ ተገቢ መሆንም ነው። ሰውየው ውጭ መቅረት አይገባኝም እያለ ነው፤ እግረ መንገዱንም ውስጥ ያለነው ያጨበጨብነው ሳይገባን እንደሆነ እየነገረን ነው።

“ለምን ውጭ ቀረ?”

“ካርድ የለውም።”

ለአባቷ ነገረቻቸው፤ በዚያን ቀን ከእኔ አስረዝማ የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሰሙ፣ መሣሪያቸውን አነሡ፣ በወንበሮቹ መሀል በዝግታ አልፈው ወጡና ደረጃው ላይ ከአዝማሪው ጎን ተቀመጡ።

እኔና ልጅቱ ተከተልን። ከዚያ የኋላው ረድፍ ወጣ፤ ቀጥሎ የመሀሉ፤ በመጨረሻ የክብር እንግዶቹ። ኃላፊው ለመዝጊያው የተዘጋጀውን አበባ እንደታቀፉ ከሁሉ ኋላ ወጡ። ዘበኛው ባዶውን አዳራሽ ሲጠብቅ ቆየ።

ሽማግሌው ክራቸውን ነካ ነካ አድርገው አጭር ነገር ዘፈኑ። ልጅቱ ልትተረጉም ጀመረችና አቆመች። “ይሄም እንደ እናንተው ነው፤ አስቸጋሪ ነው” አለች። የሰጠችኝን ይዤ፣ ቤት መድፋቱ ባይሆንልኝም፣ ለአዝማሪው እንዲህ አልኩት፦

“ባሕር ተሻግሬ ደጅ ልጠና የመጣሁት እኔ ነኝ። አንተ የቤቱ ባለቤት ነህ። ማን ማንን ያስገባል? ብለውሃል።”

አዝማሪው ማሲንቆውን አስቀምጦ ተነሣ፤ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ። ከዚያ ሽማግሌው ክራቸውን ላላ ጠበቅ እያደረጉ ከማሲንቆው ጋር አስማሙትና አብረው መጫወት ጀመሩ። ባጃጆች ቆሙ። እኛን የሚጠይቀን ሰው ጠፋ። ልጅቱ ቆሎ ገዝታ መጣች፤ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ቆረጠምን። ሥራ በመፍታቴ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ቆሎው ሲያልቅ ግን እግሬ መሬቱን እየመታ እንደሆነ አየሁ።

በማግሥቱ አባትና ልጅ ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። ኃላፊው በኋላ ስብሰባ ላይ “ፕሮግራሙ በሕዝቡ ጥያቄ ወደ ውጭ ተዛውሮ በድምቀት ተካሂዷል” አሉ፤ ተመሰገኑም።

አዝማሪውን እንደገና ያገኘሁት ጅጋ፣ አንድ ሠርግ ላይ ነው። ዳስ ውስጥ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ያን ቀን እኛ ቆሎ ስንቆረጥም ሳይተረጎም ያለፈውን አንድ የሽማግሌውን ዜማ አመጣው፤ ቃሉን እንዳለ በክመር፣ ወይም ክመር በሚመስል ነገር።

“ደግሞ ይሄ ምን ማለት ነው?” አሉ የሙሽራዋ አክስት።

“መምህሩ ይንገሩዎት፤ ያስተረጎሙን እሳቸው ናቸው” አለ፣ ማሲንቆውን ሳያቆም።

ዳሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

“ትዳራችሁ ይባረክ ማለት ነው” አልኩ።

እልልታው ቀለጠ። አዝማሪው ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ “እኔ ደግሞ ስለ ዝናብ የሚያወራ መስሎኝ ነበር” ብሎኝ ወደ ሚዜዎቹ አለፈ።