ብቅል የጠበቀው ሲዲ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ታስታውሳለች፤ ግን የዚህን ነገር ዓመት ስጠይቃት ሳቋ ስለሚመጣ ትቼዋለሁ። ብቻ ብቅል የሚሰጣበት፣ ፀሐዩ የጠና ወራት ነበር።

ሳል አልለቃት ብሎ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሲቲ ስካን ተነሳች። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሥዕሉን አየና ሳንባዋ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር እንዳለች ነገረን።

«እናቴ ከዚህ በፊት ተነስተው ያውቃሉ?» አለ።

«ከዓመታት በፊት ተነስታለች። ወረቀቱ ቤት አለ» አልኩት።

«ወረቀቱ አይበቃኝም አባቴ። ሥዕሉን ራሱን ነው የምፈልገው፤ በሲዲ ይሰጣሉ። ይቺ ነገር ያኔም ከነበረች፣ መጠኗም ካልጨመረ፣ አንነካትም። አዲስ ከሆነች ግን ከፍቶ ማውጣት ግድ ይሆናል።»

ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ሲዲው የት እንዳለ አውቃለሁና።

ጥፋቴን ልናገር። ያኔ አንድ ፖስታ ነበር የሰጡን፤ ውስጡ ወረቀትና ሲዲ። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። በላስቲክ ጠቅልዬ ከቀበሌ ቤቱ ውል ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሲዲው ማኅተም የለውም። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ልብስ ስፌት የገባሁ ሰው ነኝ፤ ማኅተም የሌለው ነገር ቁም ነገር አይመስለኝም ነበር። ባለቤቴ ብቅል አስጥታ ወፎች ሲያስቸግሯት ያንን ሲዲ በሲባጎ አስሬ ከቆርቆሮው ጠርዝ አንጠለጠልኩት። ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ይላል፣ ወፎቹም ይሸሻሉ። ኮርቼበት ነበር። ክረምት ሲገባ አወርደዋለሁ፣ በጋ ሲመጣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው ጋር ሲፋጭ ስንት ዓመት ከረመ።

አወረድኩት። ፊቱ ድመት የቧጨረው ይመስላል። የሐኪሙ ኮምፒውተር ትንሽ አጉረመረመና መልሶ ተፋው። ድሮ ሲቲ ስካን ወደ ተነሳችበት ቦታ ብሄድ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቤቱ ጫማ ይሸጥበታል።

ፒያሳ ደግሞ ምክር አይጠፋም። ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት ባንኮኒው ላይ ሲዲውን ባስቀምጠው አንዱ «በጥርስ ሳሙና ይሹት» አለኝ፣ ሌላው «ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት»። ሦስተኛው ደግሞ፣ «አባባ፣ ወፎቹን ምስክር ይጥሩ እንጂ! ስንት ዓመት ሲያዩት የኖሩት እነሱ አይደሉም?» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ ማኪያቶ የሚሠራው ሰውዬ ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ አንዲት ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ሴት እንዳለች ነገረኝ። «አሮጌ ማሽን አትጥልም። እሷ ያቃታትን ሌላ ሰው አይሞክረውም።»

ሱቋ ደረጃ ሥር ናት፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። ሲዲውን በጣቶቿ ጠርዙን ብቻ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

«አባባ፣ ይሄን ከምን ጋር ነው ያጋጩት?»

ሁሉንም ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። ሐኪሙ ያለውን ስነግራት ግን ሳቁን ተወችው።

«ከሲዲው ላይኛው ፊት የተለጠፈው ወረቀት ነው ያዳነዎት» አለች። «መረጃው ያለው በዚያ በኩል ነው፤ እሱ ተልጦ ቢሆን ማንም አይመልሰውም። ከታች ያለው ጭረት ይሻላል።»

በውኃና በጥቂት ሳሙና አጥባ በጨርቅ ጠረገችው፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርጋ። እኔ ቤት ሆኜ ክብ ክብ እያዞርኩ እንደወለወልኩት ነገርኳት።

«እንደሱ አይደለም» አለች። «መረጃው ክብ ነው የሚዞረው። ክብ ጭረት አብሮት ሲሄድ ማሽኑ መንገዱ ይጠፋበታል። ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን ግን ዘሎት ያልፋል።»

እንደ ብስኩት የቀጠነችው የሲዲ ማንበቢያ ማሽን ወዲያው እምቢ አለች። ሁለተኛው ጀምሮ ተወው። ሴትዮዋ አልተናደደችም። ከጠረጴዛ ሥር አቧራ የጠጣ፣ ቢጫ የሆነ ትልቅ ኮምፒውተር ጎትታ አወጣች። አፉ በራሱ አይከፈትም፤ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቅንታ በትንሿ ቀዳዳ ወጋ አድርጋ ከፈተችው።

«ይሄ ቀርፋፋ ነው። ፍጥነቱን ደግሞ ቀንሼበታለሁ። ግን አይሰለቸውም።»

እውነትም አይሰለቸውም። ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያችኑ ቦታ እንደገና ይሞክራል። መብራት ደከም ሲል ክር መርፌ ውስጥ ለማግባት ስንቴ እንደምሞክር ትዝ አለኝ። ማሽን እንዲህ ይታገሣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ የሌሎችን ወረቀት እያባዛች ጆሮዋ እዚያ ነው፤ ድምፁ ሲቀየር ብቻ ዞር ትላለች። አንዴ ጭራሽ ዝም ሲል እጄን ሰደድኩ።

«አይንኩት አባባ! እያሰበ ነው።»

ወረፋ የያዙትም ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ እንደገና አጉረመረመ።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ሥዕሎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝ። «ጥቂቶቹ አልመጡም» አለች፣ አልዋሸችኝም። «ሐኪሙ የሚፈልጋት ከመጡት ውስጥ ትሁንልዎ።»

በማግስቱ ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ቆየ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ ለካ።

«ያኔም ነበረች» አለ። «ያችው ናት። አላደገችም። አንነካትም፤ ለሳሉ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ።»

ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው የተናገረችው፤ «ታዲያ ወፎቹን በምን ላባርር ነው?»

ሲዲው አሁን ከወረቀቱ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው። ያን አሮጌ ማሽንም አመሰግነዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ግን ገና ድሮ ለቆራሌው ይሰጠው ነበር። ያልጣለችው፣ የታገሠችው፣ እኔንም ከዚያ ጭንቅ ያወጣችኝ እሷ ናት፦ ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ፣ ደረጃው ሥር ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት።